ለእኛ ዳስ የታሰረው በግ

እስቴ ውስጥ ክርስቲያን ሲደግስ ሁለት ዳስ ይጥላል፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የእኛ የሙስሊሞቹ። ለእኛ ዳስ በጉን ከነነፍሱ ያስረክበናል፣ እኛ አርደን በራሳችን ድስት እንሠራለን። የሰፈራችን አራጅ አባቴ ነበሩ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ሸማ ስሠራ ሁለት ጎረምሶች ሌላ አገር ተምረው መጡና መስጊድ ማስተማር ጀመሩ። ሱሪያቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም። የእኔም ምላስ ስለማያርፍ ወደድኳቸው። መውሊድ ላይ ድቤ መምታት ጥፋት ነው አሉን። የክርስቲያን ቀብር መቆምም ጥፋት። አባቴ ሁለቱንም ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ያረዱት አይበላም ተባለ። እኔ ጅሉ፣ ቤት ገብቼ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። እናቴን ሽሮ እንድታቀርብልኝ አዘዙ። ዓመት ሙሉ እነሱ ሥጋ ሲበሉ እኔ ሽሮዬን ላፍኩ።

ከዚያ ሁለቱ አስተማሪዎች ተጣሉ። አንደኛው የክርስቲያን ቀብር የሚሄድ ወንጀለኛ ሙስሊም ነው ሲል፣ ሌላው የለም፣ ካፊር ነው፣ ከእምነት ወጥቷል፣ ካፊር ያላለውም ካፊር ነው አለ። አንዱ ከአንዱ ኋላ መስገድ ተወ። ጎጆ የምታክል መስጊድ ውስጥ የሁለቱና የሽማግሌዎቹ ተብለን ለየብቻ የምንሰግድ ሦስት ጀማዓ ሆንን። ቆይቶ ያ ሁለተኛው፣ የካፊር ደም ሐላል ነው፣ ቢፈስ አያስጠይቅም ብሎ ጨመረበት። የማን ደም? የአባቴ። ያን ቀን ተነሥቼ ወጣሁ፤ ጫማዬን እንኳ በደንብ አላጠለቅሁም።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን መሪጌታ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። ቤታችን መጥተው አባቴን፣

«ሼሁ፣ የእናንተን ዳስ ልጣለው ወይስ ይቅር?» አሏቸው። የመስጊዱን ወሬ ሰምተዋል።

«ይጣሉት የኔታ» አሉ አባቴ።

ሁለቱ አስተማሪዎች ግን ማንም እንዳይገባ ከለከሉ። በዚህ ብቻ ተስማሙ።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ውስጥ አምስት ሽማግሌ ብቻ ተቀምጧል። ወጣቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል። በጉ ታስሯል። የአባቴ እጅ ከታመሙ ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ ቢላዋው ቢስት እርዱ ይበላሻል፣ እነዚያም የሚፈልጉት ይኸንኑ ነው። በጉ ሳይታረድ ከተመለሰ ደግሞ በሚቀጥለው ሠርግ ማን ዳስ ይጥልልናል?

«አባባ፣ ቢላዋውን ይስጡኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «የእኔን እርድ አልበላም ያልክ፣ እኔ ያንተን ልብላ?»

«ይብሉ። እኔም የእርስዎን እበላለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰጡኝ። በጉን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዙሬ፣ ቢስሚላሂ አላሁ አክበር ብዬ አረድኩ።

ያ ሁለተኛው አስተማሪ ከአጥሩ ማዶ፣ «አንተም ከፈርክ» አለኝ።

«ጓደኛህንም አክፍረኸዋል» አልኩት። «እንዲህ ከቀጠልክ ጀነት የምትገባው ብቻህን ነው፤ በር የሚከፍትልህም የለ።»

አጥሩ ላይ ካሉት አንዱ ሳቀ። ቀጥሎ ከወጣቶቹ ሁለቱ ገብተው ቆዳውን ይገፉልኝ ጀመር። አባቴ ጉበቱን ጠብሰው አጎረሱኝ፣ እኔም አጎረስኳቸው።

አሁን የሰፈሩ አራጅ እኔ ነኝ። ዳስ እስከተጣለ ድረስ አርዳለሁ። ደሜ ሐላል የመሰለው ካለ፣ ቤቴ ከመሪጌታ አጥር ቀጥሎ ነው።