ምራቁን የሰጠ መንደር

ላንጉይ በታይዋን ተራሮች፣ ቡኑን በተባለው ነባር ሕዝብ አንድ መንደር ጎመን እየተከለች አንድ ልጇን ኡማስን ያለ አባት ያሳደገች ሴት ነበረች። ኡማስ ቆላ ወርዶ የግንባታ ሥራ በያዘበት ዓመት እዚያ አንዲት ባለሱቅ ተገደለች። ገዳዩ ጥሎት በሄደው ጓንት ውስጥ የቀረው ላብ ሲመረመር ከኡማስ ዲኤንኤ ጋር ገጠመ። የዚያን ጊዜ ምርመራ የሚያየው ጥቂት የዘር ምልክቶችን ብቻ ነበር፤ ባለሙያው ግን ዳኞቹ ፊት ቆሞ፣ «እነዚህ ምልክቶች የሚገኙበት ሰው ከሚሊዮን አንድ ነው» አለ። ኡማስ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ላንጉይ ወህኒ ቤት ስትመላለስ ጸጉሯ ነጣ። በመጨረሻ ጁዋንግ የምትባል ጠበቃ ጉዳዩን ይዛ መንደሩ ድረስ ወጣች።

«እማማ፣ ያ ቁጥር የተሰላው ከቆላ ሰዎች ናሙና ነው። እዚያ ብርቅ የሆነ ምልክት ከጥቂት አያቶች በተዋለዳችሁት በእናንተ ዘንድ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ግን የመንደሩ ሰው ምራቅ ያስፈልገኛል።»

«ምራቅ ብቻ? እሱንማ እኔን ባዩ ቁጥር ይተፉታል!»

ላንጉይ ቤት ለቤት ዞረች። ብዙዎቹ እሺ አሏት። አብሮ አደጓ ፑኒ ግን ደጃፍ ላይ አቆመቻት። የፑኒ ልጅ ዳሁ ያኔ ከኡማስ ጋር ቆላ ይሠራ ነበር።

«ያንቺ ሲወጣ የማን ልጅ ሊገባ ነው?»

«ማንም አይገባም፣ እታለም።»

«በምን አወቅሽ? ዳኛ ነሽ?»

ላንጉይ የዳሁ ፊት ድቅን አለባት። ቢሆንም ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች።

ውጤቱ ሲመጣ፣ ከሚሊዮን አንድ የተባለው በመንደሩ ከጥቂት መቶ አንድ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ ኡማስ ተፈታ። ጥርሱ ረግፎ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነበረ ቤቱ ገባ።

ፖሊሶች ገዳዩን ፍለጋ ተከትለውት ወደ መንደሩ ወጡ። ያኔ ቆላ የሠሩትን ወንዶች ሁሉ እየጠሩ መረመሩ። ዳሁ ንጹሕ ነበር፤ አሠሪው ግን «የዚያ መንደር ሰው አልፈልግም» ብሎ አባረረው። ገዳዩም አልተገኘም። በጎመን ለቀማ ጊዜ ለላንጉይ ደቦ የሚወጣ ጠፋ፤ ፑኒም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአጠገቧ ተነስታ ሌላ ወንበር ያዘች።

ኡማስ በተፈታ በሁለተኛው ክረምት ላንጉይን የሳንባ ምች ገደላት። ሬሳዋን ያጠበችው ፑኒ ናት፤ ማንም ሳይጠራት መጣች። ገንዛ ስትጨርስ እጇን እያደራረቀች ኡማስን፣ «ዳሁ ዛሬም ሥራ አላገኘም» አለችውና ወጣች።