ከመስፍኑ እግር ሥር

አክሲኒያ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አበባ የሸጠችው በአንዲት የሞልዶቫ ከተማ አደባባይ፣ ከታላቁ ስቴፋን ሐውልት አጠገብ ነው። የድሮው መስፍን መስቀሉን ከፍ አድርጎ፣ ሰይፉን ይዞ ከበላይዋ ይቆማል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሙሽሮች እግሩ ሥር አበባ ሳያኖሩ ወደ ድግሳቸው አይሄዱም። ልጇ ሲልቪያ ቁጥር የተማረችው እዚያው ጠረጴዛ ሥር፣ አበባ እየቆጠረች ነው፤ ለሠርግ ጎዶሎ ቁጥር፣ ለቀብር ሙሉ። ለሙሽራ አሥር አበባ የሰጠ ሞቷን ተመኘ ማለት ነው።

የአክሲኒያ ባል ፔትሩ ሲሞት ሲልቪያ ጣሊያን አገር የሰው ሽማግሌ ትጦር ነበር። አሠሪዎቿ ስላልለቀቋት ለቀብሩ አልደረሰችም። አክሲኒያ በስልክ፣ «አባትሽን እንዳልቀበርሽ እኔንም አትቅበሪኝ» አለቻት። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ቆጫት፤ ይቅርታ ለማለት ግን አንደበቷ እንቢ አለ። ስድስት ዓመት ተዘጋጉ።

የሠርጉን ወሬ ያመጣችላት አጠገቧ የምትሸጠው ቫሲሉጻ ናት።

«አንቺ፣ ልጅሽ ከጣሊያን መጥታ ዛሬ ታገባለች አሉ! በዚህ ሹራብ ነው የምትጠብቂያት?»

«አልተጠራሁም።»

«መስፍኑ ተጠርቷላ! እሱ ዘንድ ሳትመጣ የት ትሄዳለች? በይ ጸጉርሽን እንኳ አበጥሪ፣ ጉጉት መስለሻል።»

ከቀትር በኋላ መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እያንባረቁ ደረሱ። ሲልቪያ ነጭ ለብሳ ወረደች። ከስታለች። ወደ ጠረጴዛው አላየችም። ግን ደረቱ ላይ ጥልፍ ፎጣ ያሰረው እንደ ሚዜ የቆመላቸው የጋብቻ አባታቸው እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ ቀይ ጽጌረዳ፣ ቶሎ! ዳር ካሉት ሴትዮ በቀር ከማንም እንዳትገዛ ብላ ሙሽራዋ አስምላኛለች። ምን አስነክተዋት ነው?»

አክሲኒያ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። የሚያማምሩትን ሁለት ሁለት እያደረገች መረጠች፤ እሾሁን ለቀመች፣ በጥብጣብ አሰረች። «ሒሳቡ በእኔ ይሁን» ብላ ሰጠችው። ሰውዬው ርቆ ከሄደ በኋላ ነው ቁጥሩ ትዝ ያላት።

«ቫሲሉጻ! ሁለት ሁለቱን አምስቴ ነው ያነሳሁት። አሥር ሰጠኋት!»

«አንድ ይዘሽ ሩጪ እንጂ! ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?»

አንድ ጽጌረዳ መርጣ እስክታነሳ ፎቶው አልቆ መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ። ሐውልቱ ሥር ስትደርስ የመጨረሻው መኪና ማዕዘኑን ዞረ። እንዲያም ሆኖ የያዘችውን ጽጌረዳ ከእቅፉ አጠገብ አኖረች፤ አሥራ አንድ ይሙላ ብላ። ከዚያ በልማድ ቆጠረች።

አሥር።

ደግማ ቆጠረች። የራሷን ጨምሮ አሥር ነው። ጥብጣቡ ተፈቶ እንደገና ታስሯል፤ የእሷ አስተሳሰር አይደለም። ሲልቪያ ቆጥራዋለች። የእናቷን እርግማን ነው ብላ ተቀብላ፣ ለማንም ሳትናገር አንዱን አውጥታ፣ ዘጠኙን አስቀምጣ ሄዳለች።

አክሲኒያ የራሷን ጽጌረዳ መልሳ አነሳችው። ከኋላዋ ሌላ የሠርግ ጥሩምባ ተሰማ።

«እማማ» አለ አንድ ፎቶ አንሺ፣ «ፎቶው ውስጥ ገቡብን። ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን።»

ፈቀቅ አለች።