የእድር ማኅተም ያረፈበት የምርጫ ወረቀት

ወረቀቱ የመጣው በእኔ ኢሜይል ነው። እህቴ ኢሜይል ስለሌላት ቅጹ ላይ የእኔን አስሞልታ ነበር። የወላይታ አዲስ ዓመት፣ ግፋታ፣ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስከፍት፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ወረቀት በስብሰባ ጥሪዎችና በመግለጫዎች መካከል ተቀምጦ አገኘሁት። አተምኩት፤ ትልቅ ፖስታ ውስጥ ከተትኩትና ሶዶ ውስጥ ኦቶና አካባቢ ወዳለው ቤቷ ሄድኩ።

እህቴ ታላቄ ናት። የልጅ ልጆቿን ለመጠበቅ አሜሪካ ሄዳ አሥራ ሦስት ዓመት ቆየች፤ ዜግነት ወሰደች። ልጆቹ አድገው ብቻቸውን ትምህርት ቤት መሄድ ሲጀምሩ «ከእንግዲህ ማንን ልጠብቅ?» ብላ በትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ሶዶ ተመለሰች። የራሷ ሁለት ልጆች እዚያው ቀርተዋል። ትልቋ ነርስ ናት። ታናሽየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የሚኖሩት የሁለት ሰዓት መንገድ ተራርቀው ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ተነጋግረው አያውቁም።

የተጣሉት በዚሁ ምርጫ ነው። ሁለቱንም ለየብቻ ደውዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ ከሁለት ወገን ሳልሰማ ነገር መያዝ አልወድም። የሰማሁትን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ሳየው ግራ ገባኝ። ሁለቱም የሚያማርሩት የቤት ኪራይ፣ የነዳጅና የምግብ ዋጋ ነው። ሁለቱም የሚመርጡትን ሰው አይወዱትም። ልጅቷ «አጎቴ፣ ወድጄ መሰለህ? ያኛው ስለሚብስ ነው» አለችኝ። ልጁም ቃል በቃል ያንኑ አለ፤ «ያኛው» ያለው ግን የእሷን ነው። እንግዲህ እህትና ወንድም ሁለቱም በማይወዷቸው ሁለት ሰዎች ምክንያት አምስት ወር ተኳርፈዋል። በሃያ ዓመት የሬዲዮ ሥራዬ ብዙ ጠብ ዘግቤአለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ዜናው የቱ ጋ እንደሚጀምር ማወቅ አቅቶኝ ነበር።

በዚያ ላይ ሁለቱም እናታቸውን ይዘዋል። «እማዬ ለማን ነው?» ይላል አንዱ በጠዋት። «እማዬ እንዳትሳሳቺ» ትላለች ሌላይቱ በማታ። እህቴ ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ «ለእሷ ብሰጥ እሱ ይቀየመኛል፤ ለእሱ ብሰጥ እሷ። ግፋታ ደግሞ ደረሰ። ልጆቼ ሳይነጋገሩ ዓመት ሊለወጥ ነው?»

በወላይታ ቂም ይዞ አዲሱን ዓመት መሻገር ነውር ነው። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከአንድ ገበታ ሥጋ አይቆርስም። እህቴ ባሕር ማዶ ላሉት ልጆቿም ይህ ሕግ ይሠራል ባይ ነበረች።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አነበብኩላት። ከእኔ ጋር የምታወራው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው፣ ፊትና ጀርባ። ከፕሬዚዳንቱ ሌላ የምክር ቤት ሰው፣ ዳኛ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ ከዚያም ስለ ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ «ይሁን» ወይም «አይሁን» የሚባልበት ጥያቄ አለ።

«ዳኛም ይመረጣል?» አለች።

«ይመረጣል ይላል።»

«እዚያ ስኖር ማንም አልነገረኝም።» ወደ ላይኛው ረድፍ ተመለሰች። «እነዚህ ከሁለቱ በታች ያሉትስ?»

«እነሱም ለፕሬዚዳንት የቀረቡ ናቸው። አያሸንፉም ግን።»

«የማያሸንፉ ከሆነ ለምን ተጻፉ?»

አንብቤ ልመለስበት አልኳት።

«ያን ሁሉ አገር ፈልገው ፈልገው ያገኙት እነዚህን ሁለቱን ነው?» አለችና መነጽሯን አወለቀች። «እኔ ስኖርበት ደህና ደህና ሰው ሞልቶበት ነበር። የአውቶቡሱ ሾፌር እንኳ ይሻላል።»

የትምህርት ቤት ቦርዱ ጋ ስንደርስ ፊቷ በራ። ከተዘረዘሩት አንዷን ታውቃታለች። የልጅ ልጇን ልታመጣ በሄደችበት ቀን ዝናብ ይዟት፣ ሴትዮዋ የራሷን ጃንጥላ ሰጥታት በዝናብ ሄዳለች። እህቴ ብዕር ተቀብላኝ ከዚያች ሴት ስም ጎን ያለውን ክብ አጠቆረች። ለሌላው «ነገ» አለች።

ከመነሳቴ በፊት መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላት። በአንድ ረድፍ ከአንድ ክብ በላይ ያጠቆረ ሰው በዚያ ረድፍ ድምፁ አይቆጠርም። ወረቀቱ ላይ ስምም ሌላ ጽሑፍም አይጻፍበትም። የተበላሸ ካለ ተተኪ መጠየቅ ይቻላል። ፖስታው ላይ መራጩ ይፈርማል፤ ሲፈርም ያየ አንድ ምስክርም ይፈርማል። ማንበቤን ደብተሬ ላይ ጽፌአለሁ። መስማቷን አልጻፍኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚጻፍ አላወቅኩም ነበር።

በማግስቱ ለበዓል ገበያ ዘገባ ወደ ተበላ ከተማ ወረድኩ። የበሬ ዋጋ፣ የቅቤ ዋጋ ስጠይቅ ዋልኩና ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሶዶ ተመልሼ ከሚኒባስ እንደወረድኩ በቀጥታ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ሳሎኗ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አንዱ እኔንም ያስተማሩኝ በጡረታ ያሉ መምህር ናቸው። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ፣ ሦስተኛው የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ። ፊታቸው ቆሎ አለ። ሦስቱም ከባድ ሥራ የጨረሰ ሰው ፊት አላቸው።

«ና፣ ና፣ ጋዜጠኛው» አሉ መምህሩ። «እህትህ የጠራችን ነገር አልቋል። ታርቀዋል።»

«እነማን?»

«የእህትህ ልጆች ናቸዋ!»

ወረቀቱን አነሱልኝ። በፕሬዚዳንቱ ረድፍ ላይ ሁለቱ ክቦች፣ የሁለቱም ዋና ዕጩዎች፣ እኩል ጠቁረዋል። ከጎናቸው ባለው ባዶ ቦታ፣ ሰሌዳ ላይ በማውቀው በዚያ ቀጥ ብሎ በቆመ የመምህሩ ጽሕፈት፣ «እናት ሁለቱንም ልጆቿን በእኩል አይታለች። ልጆቹም ከዛሬ ጀምሮ ቂም ትተዋል» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የሦስት ሰው ስም፣ ፊርማና ስልክ ቁጥር አለ። ፊርማዎቹ ላይ ክብ ሐምራዊ ማኅተም አርፏል። የእድሩ ነው።

ተቀመጥኩ።

«መምህር፣ ይሄ ወረቀት ተበላሽቷል እኮ።»

«እንዴት ይበላሻል?» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ፤ ማኅተሙን ገና በላስቲክ እየጠቀለሉ ነበር። «ማኅተም አለው! ያለ ማኅተም ብትልከው ነበር እንጂ የሚበላሸው። ማን ይቀበልህ ነበር?»

«ሦስት ምስክርም አለው» አሉ መምህሩ። «አሜሪካ ብዙ ሥርዓት ያለበት አገር ነው ይባላል፤ ሥርዓቱን ጠብቀንለታል።»

እህቴን አየኋት። ወደ በሩ፣ ወደ ዳሞታ ተራራ በኩል ትመለከታለች።

«ልጆቹ የታሉ? እንዴት ታረቁ?» አልኩ።

የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ስልካቸውን አሳዩኝ። የወረቀቱን ፎቶ አንስተው ለሁለቱም ልከዋል። ከሥሩም «ታርቃችኋል፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ብለው ጽፈዋል። መልስ ገና አልመጣም። እዚያ ገና ጠዋት ነው።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። ልጁ ነው። ሽማግሌው ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እማዬ! ምንድን ነው ያደረግሽው? ሁለቱንም አጠቆርሽ? አይቆጠርም እኮ!»

«ደህና አደርሽ ወይ ይባላል መጀመሪያ» አለች እህቴ።

«ደህና አደርሽ። አይቆጠርም እኮ፣ እማ! ቆይ… እሷም እየደወለች ነው። ቆዩ፣ ላገናኛት።»

ከዚያ የሴት ድምፅ ገባ።

«አንተ ነህ እንዲህ ያደረግካት! በየጠዋቱ ስትነዘንዛት!»

«እኔ? በማታስ ማን ነው የሚደውለው?»

«እኔ ደኅንነቷን ልጠይቅ ነው የምደውለው!»

«እኔስ ታዲያ? የነዳጅ ዋጋ ልነግራት ነው?»

«አዎ! ትነግራት የለ እንዴ!»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ወደ ስልኩ አስግገው ይሰማሉ። ልጆቹ ግማሹን በእንግሊዝኛ ስለሚጨቃጨቁ ብዙ አልገባቸውም። ንትርኩ ለጥቂት ደቂቃ ቀጠለ፤ ከዚያ ቆመ። የልጁ ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ።

«ማኅተሙን አየሽው?»

«የትኛውን?»

«ፎቶውን አጉልተሽ እዪው። የእድር ነው።»

መጀመሪያ ልጅቷ ሳቀች፤ ከእሷ ቀጥሎ እሱ። ልጅ ሳሉ ጓሮ ውስጥ እንደሚሳሳቁት ነበር ሳቃቸው፤ አንዱ ሊያቆም ሲል ሌላው ያስጀምረዋል። «ቆጣሪዎቹ ስልክ ቁጥሩ ላይ ቢደውሉስ?» አለች እየታፈነች። «መምህር አንስተው ‹አቤት› ይሏቸዋላ!» አለ እሱ።

መምህሩ ስማቸው ሲጠራ ቀና አሉ። «ምን አሉ?»

«እየሳቁ ነው» አልኳቸው።

«አላልኩህም?» አሉ። «ታርቀዋል።»

ይህን እንደ ዜና ጻፍ ብባል ምን ብዬ እጽፍ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ዕርቅ ነው ልል አልችልም፤ ማንም ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም። ሁለቱም ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት እንደገና «ያኛው ስለሚብስ ነው» ተባብለዋል። ግን ተነጋገሩ።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እህቴ የቆሎውን ሰሃን አንስታ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት።

«ሌላ ወረቀት ይሰጣሉ?» አለችኝ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰሃኑን እያጠበች።

«ተተኪ መጠየቅ ይቻላል ይላል።»

«አዎ። አንብበህልኝ ነበር።»

«ሁለት ማጥቆር እንደማይቻልም አንብቤልሽ ነበር» አልኳት።

«ብዙ ነገር ነው ያነበብክልኝ» አለች። «ጽሑፉ ደቃቅ ነበር።»

አንድ ጥያቄ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባለሥልጣን ፊት ቁጭ ብዬ የማልፈራውን ጥያቄ እሷ ጓዳ ውስጥ ዋጥኩት። ተሳስታ ነው ወይስ አውቃ? ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ማኅተምና ሁለት የጠቆረ ክብ እፊቴ አሉ። ከእነዚህ ግን ልቧ ውስጥ የነበረውን ማረጋገጥ አይቻልም።

ግፋታ ገባ። ሥጋ ከዳጣ ጋር ቀርቦ ስንበላ ልጆቹ በአንድ መስመር ደውለው እንኳን አደረሳችሁ አሉ። ተተኪው ወረቀት ከበዓሉ በኋላ ደረሰ። አትሜ አመጣሁላት። እህቴ ብዕሩን ተቀብላኝ «አንተ ውጣ» አለች። በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ረጅም ጊዜ ቆየች። በመስኮቱ በኩል ምንም አይሰማም። ስትጠራኝ ፖስታው ታሽጎ ነበር። እፊቴ ፈረመችበት። እኔም ከሥሯ፣ ምስክር በሚለው መስመር ላይ ፈረምኩ።

«ያቺ ጃንጥላ የሰጠችኝን ደግሜ አጥቁሬያታለሁ» አለች። ያን ዕለት ፖስታ ቤት ወስጄ በአስቸኳይ ላኩት።

ከሳምንት በኋላ ልጆቹ ሁለቱም በአንድ መስመር ደወሉ። እህቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እህል ትለቅም ነበር።

«እማ፣ በቃ ንገሪን። ለማን ነው?» አለች ልጅቷ።

«አንቆጣም» አለ ልጁ።

«አጎታችሁን ጠይቁት» አለች እህቴ ከሰፌዱ ቀና ሳትል። «ምስክሩ እሱ ነው።»

ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ።

«ስትፈርም አይቻለሁ» አልኳቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላ አላየሁም።»