ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለችው ክብ

አሁን እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። የጻፍኩትን ልቦለድ ከነደብተሩ ለአንዲት አሮጊት ሰጥቻቸው መጣሁ፤ ሌላ ቅጂ የለኝም።

ስማቸውን አላውቅም። እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ። ባለ ጎማ ዘንቢላቸውን ይጎትታሉ፤ ዝናብ ባይኖርም የላስቲክ ኮፍያቸውን አገጫቸው ስር አስረው ነው። የሚወስዱት የድሮ መሳፍንት የፍቅር ልቦለድ ብቻ ነው። አንብበው የጨረሱትን ደግመው እንዳይወስዱ ሰባተኛው ገጽ ላይ በእርሳስ ትንሽ ክብ ያደርጋሉ። የሰፈሩ አሮጊቶች ሁሉ የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ እኛም እንዳላየን እናልፋለን። እሳቸው መጽሐፉ ካልጣማቸው ግን አይጨርሱትም፤ ክብም የለም።

«መስፍን አለበት?» አሉኝ ደብተሬን እያገላበጡ።

«አለ። ኩራተኛ ነው፤ ልጅቷ ግን ትስቅበታለች።»

«ደግ አደረገች። ይደንሳል?»

«መጀመሪያ እምቢ ይላል።»

«የኔም ሰውዬ እምቢ ብሎ ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ። ያንቺው ቶሎ ይነሳ፣ የኔ ቆንጆ። እስካሁን ሦስት መቶ መስፍን አግብቻለሁ፤ አንዱም ካልሲ አላሳጠበኝም።»

ደብተሬን ከገዙት ድንች ጋር ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት።

ማክሰኞ ሲመልሱልኝ ሰባተኛውን ገጽ ነው መጀመሪያ የምከፍተው። ክቧ ትኑር አትኑር አላውቅም።