ካልሲ የለበሰው ካሜራ

የፈጠራ ክበባችን አስተማሪ ደውለው «ሥራሽ ለትዕይንቱ ተመርጧል፣ አርብ ይዘሽው ነይ» ሲሉኝ እዚህ ሱዳን፣ ካላክላ ሰፈር ያለችው ቤታችን ጠበበችኝ። የተመረጠው በእጄ የሠራሁት የጭንቅላት መከታተያ ነው። ኮፍያ አድርጋችሁ ካሜራ የተሰካበት ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣላችሁ፤ አንገታችሁን ትንሽ ወደ ግራ ስታዞሩ፣ በአውሮፕላን ማብረሪያ ጨዋታ ውስጥ ያለው አብራሪም በግራው መስኮት ያያል። እጅ አያስፈልግም።

ደስታው ስላላስቀመጠኝ ወዲያው ለጓደኛዬ ደወልኩ። እሷ ሱዳናዊት ናት፣ ስለዚህ የለፈለፍኩት በዐረብኛ ነው። «ሙራቀበት አር-ራስ» አልኳት ደጋግሜ፤ ጭንቅላትን መከታተል ለማለት። እማ በር ላይ ልብስ እያጠፈች ነበር።

እማ ዐረብኛ የተማረችው ሰው ቤት ስትሠራ ነው። ሳሙና፣ ሽንኩርት፣ «ያላ፣ ያላ» ይበቃታል። ሙራቀባ ክትትል እንደሆነም ታውቃለች፤ ራስን ከረኢስ፣ ማለትም ከፕሬዚዳንት፣ ግን አትለይም። ስለዚህ ልጇ ጭንቅላት ሳይሆን ፕሬዚዳንቱን በካሜራ የምትከታተል መሰላት። እኔ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ካሜራው የኔን ካልሲ ለብሶ ጠበቀኝ። አወለቅኩለት። ሱቅ ደርሼ ስመጣ እንደገና ለብሷል። ኮፍያዬ ደግሞ ጠፍቶ ከሩዝ ጆንያ ሥር ተገኘ። ጎረቤት ሲያንኳኳ እማ ኮምፒውተሩ ላይ ፎጣ ትጥላለች። ልትጥልብኝ ነው ብዬ ካሜራውን በቦርሳዬ ይዤ መዞር ጀመርኩ፤ ይሄ ይባስ ብሎ አስጠረጠረኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ያኔ ስትሠሪው ካሜራው ውስጥ የነበረውን ትንሽ መስታወት ለምን ነቀልሽው?»

ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ በዓይን የማይታየውን ብርሃን ስለሚከለክል ነው አልኳት። በቦታው ከፎቶ ቤት የለመንኩትን፣ ታጥቦ የጠቆረ የፊልም ቁራጭ አስገብቻለሁ። ፊልሙ የተለመደውን ብርሃን ስለሚያግድ አሁን ካሜራው እኛን አያየንም። የሚያየው ኮፍያው ላይ የሰካኋቸውን፣ ከአሮጌ ሪሞቶች የነቀልኳቸውን ሦስት ትናንሽ አምፖሎች ነው። እነሱ ሲንቀሳቀሱ ፕሮግራሙ ጭንቅላቴ ወዴት እንደዞረ ያውቃል።

ማብራሪያዬ ነገሩን አበላሸው።

«የማይታይ መብራት» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ልጅ፣ እኛ ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ሳይታደስ ፖሊስ ባየን ቁጥር መንገድ የምንቀይር ሰዎች ነን። ረኢሱን ተከታተይ ብሎ የላከሽ ማነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ጥፋት ሆነ። አናቴን በእጄ መታ መታ እያደረግኩ ራስ ማለት ይሄ ነው አልኳት። ወላሂ በይ አለችኝ፣ ወላሂ አልኩ። ፊቷ አልተፈታም።

«እሺ፣ ያየው ነገር ወዴት ነው የሚሄደው?»

የትም ብላት አታምንም። የኢንተርኔቱን ሞደም ራሷ ከኮምፒውተሩ ነቅላ ኪሷ ከተተች። ከዚያ እኔ ካሜራውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ስሰካ፣ ኮፍያውን በሻሿ ላይ ደፍታ ተቀመጠች። ወደ ቀኝ ዞር ስትል አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው እይታ ወደ ቀኝ ዞረ። ልታሳስተው በድንገት ወደ ግራ ዞረች፤ ተከተላት። ቀና ስትል ሰማዩ መጣ። ኪሷን ዳበሰች፤ ሞደሙ እዚያው ነው።

«ያለ መስመር ነው እንዴ የሚሠራው?»

«አዎ እማ። ላንቺ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ለማንም አያወራም።»

አንገቷን ወዲያና ወዲህ ማዞሯን ቀጠለች። በመጨረሻ ይዤው እንድሄድ ፈቀደች፣ እሷ ከጎኔ ልትቀመጥ፣ እኔም ሙራቀባ የሚለውን ቃል ሰው ፊት ላልጠራ።

አሁንም ሙሉ በሙሉ ያመነችኝ አይመስለኝም። ይህን ለምትሰሙ ሁሉ ንገሪልኝ ያለችውን ግን ይኸው፦ የጠረጠረ ሁሉ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ክበባችን ይምጣ። የኮምፒውተሩን ገመድ ራሱ ይፈትሽ፣ የፈለገውን ይንቀል። ከዚያ ኮፍያውን ያድርግና ዞር ይበል።