ራህመትን አልቀሰቀስኳትም

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝ።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ኮልፌ ውስጥ ጠላ እሸጥ ነበር። ራህመት ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የሦስት ዓመቷን ልጄን ትኩሳት ሲይዛት፣ ጭኗ ላይ አስተኝታ ያባበለቻት እሷ ነበረች። ከቀናት በኋላ የልጄ ፊት ውኃ ቋጠረ። ፈንጣጣ መሆኑን አወቅሁ። እያወቅሁ ለራህመት «ኩፍኝ ነው» አልኳት። ለምን? ወሬው ከወጣ ጠላ ቤቴን ማን ይረግጠዋል ብዬ ነዋ!

በዚያው ሰሞን የፈንጣጣ ከታቢዎች ወደ ሰፈራችን እንደሚመጡ ተሰማ። ራህመት እግሯ አብጦ ቀን ቀን ትተኛ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ሲመጡ ይቀስቅሱኝ እባክዎ፤ ለሆዴ ፈራሁ» አለችኝ።

«እሺ፣ ምን ገዶኝ» አልኳት።

መጡ። ልጄን ጓዳ ደብቄ በር ላይ ቆምኩ።

«የታመመ ሰው አለ?» አለኝ ከታቢው።

«የለም።»

«እዚያኛው ቤትስ?»

«ማንም የለም፤ ገበያ ወጥተዋል።»

ብቀሰቅሳት የልጄን መታመም ትነግራቸዋለች ብዬ ፈራሁ። እኔ ግን ክንዴን ዘርግቼ ተከተብኩ። አዎ፣ እኔ ተከተብኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ራህመት ታመመች። ልጄ ድና ደጅ መጫወት ስትጀምር፣ የራህመት ልጅ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ባሏ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ሲወጣ ከደጃፌ ሆኜ አየሁት።

ልጠይቃት ስገባ፣ የቆሰለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከታቢዎቹ መጥተው ነበር አሉ። እርስዎ ቀስቅሰውኝ አልነቃ ብዬ ይሆን? እንቅልፌ ከባድ ነው» አለችኝ።

ያኔ እንኳ እውነቱን መናገር እችል ነበር። «ስንቴ አንኳኳሁ መሰለሽ!» አልኳት።

ክትባቱ ልጇን ያተርፍላት ነበር? አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም። ብዙ ዓመት በዚህ «አላውቅም» ተከልዬ ኖሬያለሁ። በእንቅልፏ ልጇን እንደገደለች አምና እንድትኖር ያደረግኋት ግን እኔ ነኝ። ይህንን አውቀዋለሁ።

በኋላ ቤት ቀየሩ፤ ከዓመታት በኋላም መሞቷን ሰማሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ነበረች፤ አዲሱ ቤቷም ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ብቻ ነበር።