የዘርፈሽ አጀንዳ ጠርዝ

ነቀምቴ መናኸሪያ ወደ አንገር ጉቲን የምልከው ዕቃ ነበረኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት በትኬቷ ጀርባ ትናንሽ ሳጥኖች እየሣለች ታጠቁራለች። ወሬ ስለምወድ፣ "ሠዓሊ ነሽ እንዴ?" አልኳት።

"እርስዎም ሊገመግሙኝ ነው?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"እኔ ተገምግሜ ተገምግሜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ" ስላት አልሳቀችም፤ ግን ፊቷን አዞረችልኝ።

ዘርፈሽ ትባላለች። እዚሁ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት፣ አሥራ አንድ ዓመት ማህደር ስታወጣና ስታስገባ ኖራለች። ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለ። ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፤ ከዚያ ኃላፊው ኦቦ ጋሩማ ሪፖርቱን ከገጽ አንድ ጀምረው ያነባሉ። ማንም አያዳምጥም፤ ግን ሁሉም አጀንዳውን ገልጦ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ የሚጽፍ መስሎ ይቀመጣል። ዘርፈሽ መምሰሉን አልቻለችበትም። በአጀንዳዋ ጠርዝ ሳጥን ትሥላለች፣ ቅጠል ትሥላለች፣ የሰፌድ ጥለት ትሥላለች።

"እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቤ ገበያ ይወርዳል" አለችኝ። "እጄ ከተጠመደ ግን ጆሮዬ እዚያው ይቀመጣል። ለእነሱ ግን ንቀት ነው።"

ጥቅምት ላይ የአንድ መሬት ክርክር ማህደር ጠፋና ግምገማ ተጠራ። ኦቦ ጋሩማ ማንንም አላስቀደሙም። "ስብሰባ ላይ ስትሞነጫጭር የምትውል ሰው ማህደር ብትጥል ምን ይገርማል? ሂስሽን ዋጪ" አሏት። ካልዋጠች አንገር ጉቲን እንደምትዛወር አስቀድሞ ተወርቷል። ልጇ ደግሞ ነቀምቴ ስምንተኛ ክፍል ናት።

ዘርፈሽ አጀንዳዋን ገለጠች።

"ከመዋጤ በፊት ይቺን ቅጠል ይዩልኝ። የመስከረም ሁለተኛው ሰኞ ናት። ስለ ችግኝ ሲያነቡ ጀመርኳት። ግማሿን ሳጠቁር ስልክዎ ጮኸ። አነሡና 'ማህደሩ እኔ ቤት ነው፣ አይቼ እመልሰዋለሁ' አሉ። ከዚያ ወደ ችግኙ ተመለሱ፤ ሠላሳ ሺህ አሉ። በፊተኛው ሰኞ፣ ይቺን ሳጥን ስሥል፣ ሃያ ብለው ነበር።"

ቃለ ጉባኤ ያዡ ገመቺስ ገጹን አገላበጠ። "አልተጻፈም" አለ።

"አንተ መቼ ነቅተህ ትጽፋለህ?" አለችው።

የሳቀ የለም። ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ምሳ የበላችው ሐሴት እንኳ አንገቷን ደፋች። ኦቦ ጋሩማ፣ "ቅጠል ማስረጃ አይሆንም" ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

ዓርብ ዕለት ከምሳ ስትመለስ ማህደሩ መደርደሪያዋ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሲገለጥ የብስኩት ፍርፋሪ ረገፈ። ወዲያውኑ ይዛ ሄዳ ኦቦ ጋሩማ ጠረጴዛ ላይ አራገፈችላቸው። ሰኞ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ ምክንያቱ "የትኩረት ማነስ" ይላል። አጀንዳዋንም የመንግሥት ንብረት ነው ብለው ወሰዱባት።

"ልጅሽስ?"

"እህቴ ጋ ትቻታለሁ። ጉቲን ይዣት ሄጄ ምን ላስተምራት?"

"አይዞሽ" አልኳት፤ "ምናልባት ባልደረቦችሽ ያን ቀን ስልኩን አልሰሙት ይሆናል።"

"ሰምተዋል" አለችኝ፣ ድርቅ ብላ። "እርስዎም ደግሞ አይሸፋፍኑላቸው።"

አፈርኩ። ተራ አስከባሪው "ጉቲን የሞላ!" ሲል ሻንጣዋን አነሣች። ዝም ብዬ ልሸኛት አልቻልኩም፤ እኔም የጨለለቂ ሰው ነኝ፣ ሐሴትን በሰፈር አውቃታለሁ። "ለሐሴት የምነግርልሽ አለ?" አልኳት።

አንድ እግሯን ሚኒባሱ ላይ አድርጋ ዞረች።

"ስልኩ የጮኸ ሰኞ ምን እንደ ጻፈች ይጠይቁልኝ፣ ጋሼ። አጠገቧ ነበርኩ፤ የእስክሪብቶዋ ክዳን አልተነሣም።"